ከሕጉ ሳንወጣ ትልቅ ጎማ መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናቸው ትንሽ ከፍ እንድትልላቸው፣ ደልደል ያለ መልክ እንድትይዝ ወይም ኮረኮንች ላይ ሆዷ እንዳይነካ ብለው ትልቅ ጎማ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይገባል ወይ?» ብሎ ነው። ነገር ግን ጎማው ገብቶ፣ ዞሮ፣ መኪናዋም ደህና እየሄደች ከሕግ ውጭ ልትሆን ትችላለች። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ስሌቱን የሠራሁት በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ በሚገኘው 205/55 አር 16 ጎማ ነው። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይላል?

205/55 አር 16 91 ቪ የሚለውን እንውሰድ። 205 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው። «አር» ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ መሆኑን ይናገራል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። 91 ጎማው የሚሸከመውን ክብደት፣ ቪ ደግሞ የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት ያመለክታሉ።

ለእኛ ዋናው ጉዳይ አጠቃላይ ዲያሜትሩ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ያልቃል። 205ን በ0.55 አባዙት፤ 112.75 ይመጣል። ይህ የአንዱ ጎን ቁመት ነው። ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ 225.5 ይሆናል። ቸርኬው 16 ኢንች ሲባዛ በ25.4፣ 406.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 631.9 ሚሊ ሜትር። በቃ፣ የጎማችሁ ቁመት ይህ ነው።

ቸርኬውን ከ16 ወደ 17 ካሳደግኩ ጎማዬ ተለቀ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። እዚህ ላይ ዓይን በጣም ያታልላል። 225/45 አር 17 ስታዩት ሰፋ ያለ፣ ቸርኬውም ገዘፍ ያለ ነው። ስታሰሉት ግን ዲያሜትሩ 634.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከቀድሞው የሚበልጠው በ2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ስላጠረ ነው።

በሌላ በኩል 205/60 አር 16ን ተመልከቱ። ስፋቱ ያው፣ ቸርኬውም ያው ነው፤ ቆማችሁ ስታዩት ልዩነቱ ብዙም አያስታውቅም። ዲያሜትሩ ግን 652.4 ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ጨምሯል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቸርኬ ሲቀይር ይጨነቃል፣ «60 እና 55 ምን ልዩነት አላቸው?» ብሎ ደግሞ ዝም ብሎ ይገጥማል።

ሕጉ እስከ ስንት ይፈቅዳል?

ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ አገር ቁጥር ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ውጤቱን ይመለከታል። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ።

ቁጥር ከሚያስቀምጡት አንዷ አውስትራሊያ ናት። በብሔራዊው የቀላል ተሽከርካሪዎች ማሻሻያ መመሪያ መሠረት የቤት መኪና ጎማ አምራቹ ከፈቀደው ትልቁ መጠን በ15 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊበልጥ ይችላል። ወደ ታች ሲሆን 26 ሚሊ ሜትር ነው። ለአስቸጋሪ መንገድ ለተሠሩ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪናዎችና ለፒክ አፖች ከፍ ብሎ 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ማስመርመር ይኖርበታል።

በብሪታንያ እንዲህ ያለ የዲያሜትር ቁጥር የለም። ጎማው ከመኪናዋ አካል ጋር መነካካት የለበትም፣ ክብደቱን መቻል አለበት፣ ዓመታዊ ምርመራው ላይም ይህ ይታያል። በጀርመን ደግሞ በመኪናዋ ሰነድ ላይ የሌለ መጠን ከገጠማችሁ ማረጋገጫ ወረቀት ወይም የመርማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚያ የመኪናዋ የመንገድ ፈቃድ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል።

አገራችሁ የትኛውም ይሁን፣ ከመግዛታችሁ በፊት የተሽከርካሪ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ብታገኙት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። «ሁሉም ሰው ይገጥመዋል» የሚለው የሻጭ ቃል መርማሪ ፊት አያድናችሁም።

3 በመቶ የሚባለው ነገርስ?

ብዙ ጎሚስታዎች የሚጠቀሙበት የልምድ ቁጥር ነው። ዲያሜትሩ ከመጀመሪያው ከ3 በመቶ በላይ አይራቅ ይላሉ። ለመነሻ ያህል አይከፋም። ግን ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። በእኛ ምሳሌ 3 በመቶ ማለት 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር በሚፈቅድ አገር ይህ ከወሰን ያልፋል።

የማወዳድረው ከየትኛው ጎማ ጋር ነው?

ይህን ጥያቄ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የምታወዳድሩት አሁን ከተገጠመው ጎማ ጋር አይደለም። የሾፌሩን በር ክፈቱ። የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ነው። እዚያ ላይ አምራቹ የፈቀዳቸው መጠኖችና የንፋስ ልክ ተጽፈዋል። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍም ላይ አለ።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህን ካላየ አደጋ ላይ ይወድቃል። የቀድሞው ባለቤት 215/60 አር 16 ገጥሞ ሸጦት ሊሆን ይችላል። ይህ 664.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጽሑፉ በ32 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አዲሱ ባለቤት ይህን መነሻ አድርጎ «ትንሽ ብቻ ልጨምር» ሲል፣ ቀድሞውኑ ካለፈው ወሰን ላይ ሌላ እየደረበ ነው።

አምራቹ ለአንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት መጠን የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። ያኔ ትልቁን መምረጥ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው። ክርክርም ተጨማሪ ፈቃድም አያስፈልገውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

የፍጥነት መለኪያው ምን ይሆናል?

መኪናዋ ፍጥነቷን የምታውቀው ጎማው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጥራ ነው። ጎማው ትልቅ ሲሆን በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ዳሽቦርዱ ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳያችኋል።

በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው ደንብ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ ማሳየት የለበትም። ከፍ አድርጎ ማሳየት ይችላል፤ ለቤት መኪና ግን ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ብቻ። አምራቾች ሆን ብለው ትንሽ ከፍ አድርገው የሚያስተካክሉት ለዚህ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። መኪናችሁ በመጀመሪያው ጎማ 100 ስታሳይ በእውነት 96 ትሄድ ነበር እንበል። 205/60 ስትገጥሙ ዲያሜትሩ በ3.2 በመቶ ስለጨመረ 100 ስታሳይ 99 ገደማ ትሄዳለች። ለጥቂት ተረፈች። 215/60 ስትገጥሙ ግን 5.1 በመቶ ነው፤ 100 ስታሳይ ወደ 101 ትሄዳለች። ጎማው ገብቷል፣ የትም አልነካም፣ መለኪያው ግን ከደንቡ ወጥቷል።

አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። የጎማ ጥርስ ሲያልቅ ዲያሜትሩም ይቀንሳል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በብዙ አገር ዝቅተኛ ወሰን እስከ ሆነው 1.6 ቢያልቅ፣ ዲያሜትሩ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ይህ 2 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ መለኪያውን ያለቀ ጎማ ላይ ፈትሻችሁ «ትክክል ነው» አትበሉ። አዲሱን ከገጠማችሁ በኋላ ሜዳማና ነጻ መንገድ ላይ፣ ጎናችሁ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ጂፒኤስ ያንብብላችሁ። ሾፌሩ ስልክ አይይ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይዋሻል። በ215/60 ቆጣሪው 10,000 ሲል መኪናዋ 10,500 ገደማ ሄዳለች። ዘይት የምትቀይሩበትን ጊዜ በዚያ ልክ ቀደም አድርጉት። አንዳንድ መኪና ላይ አዲሱን የጎማ መጠን ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። መካኒካችሁን ጠይቁ።

እንደማይነካ እንዴት አረጋግጣለሁ?

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ጎማ አስገጠምኩ። ገጣሚው ክሪክ ላይ እንዳለች መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዞረው። የትም አልነካም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከሁለት ቀን በኋላ አራት ሰው ጭኜ፣ የኋላውም በሻንጣ ሞልቶ፣ መሪውን ጥግ አዙሬ ወደ ኋላ ስመልስ የፊት ግራው ጎማ ጉብታ ላይ ወጣ። «ክርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ እጄን ፓራፋንጎው ውስጥ ስሰድ የውስጡ ፕላስቲክ ትኩስ ነበር። ጠርዙ ተልጎ እንደ ወረቀት ሳስቷል። የጎማው ትከሻ ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው የሚያብለጨልጭ መስመር ዙሪያውን ታትሟል። ልጆች ጭኜ በፍጥነት ስሄድ ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አስፈታሁት።

ክሪክ ላይ ያለች መኪና ጎማዋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ቦታው ሁሉ ሰፊ መስሎ ይታያል። ሞላው የሚጨመቀው መሬት ላይ፣ ክብደት ሲጫን ነው። ፈተናውም እንደዚያ ይሁን። ሰው ጫኑ። ሙሉ መሪ ወደ ግራ፣ ሙሉ መሪ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በዝግታ ሂዱ። አንዱን ጎማ ዝቅ ያለ ጉብታ ላይ አውጡትና ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ ይመልከት። ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ አራት ቦታ ፈትሹ፦ የፓራፋንጎውን ጠርዝ፣ የውስጡን ፕላስቲክ፣ የሞላውንና የአሞርዛተሩን አካባቢ፣ የፍሬን ቱቦውን። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የፍሬን ቱቦው ነው። ፕላስቲክ ቢላጥ ይቀየራል፤ ቱቦ ከተቆረጠ ግን ፍሬን የለም።

ቁጥራቸው አንድ የሆነ የሁለት አምራቾች ጎማ በሚሊ ሜትሮች ሊለያዩ እንደሚችሉም አስቡ። ለጭቃ የተሠሩት ጥርሳቸው ረጅም፣ ትከሻቸውም ወጣ ያለ ነው። ስሌቱ «ልክ ለጥቂት» ካላችሁ አምራቹ ለዚያ ጎማ ያወጣውን ትክክለኛ ልክ ፈልጉ።

ቸርኬውንስ ልቀይር?

የጎማው ስፋት ለቸርኬው ስፋት መስማማት አለበት። ለምሳሌ 205/55 አር 16 ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። በጣም ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስገቡ መሃሉ ይነፋል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ይወላውላል።

ሁለተኛው ነገር ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀ ይነግራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። 7 ኢንች ስፋትና ኢቲ 45 የነበረውን በ8 ኢንችና ኢቲ 35 ቀየራችሁ እንበል። የውጭው ጠርዝ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ የውስጡ ጠርዝ ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይገባል። 23 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ብቅ እንዲል በቂ ነው። በብዙ አገር ደግሞ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል በመኪናዋ አካል መሸፈን አለበት፤ ድንጋይና ጭቃ በሌላው ላይ እንዳይረጭ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት የራሱ ወሰን ያለው አገርም አለ።

ስፔሰር የሚባለውን፣ በቸርኬውና ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናዋ ክፍል (ሀብ) መካከል የሚገባውን ክብ ብረት እኔ አልመክርም። በአንዳንድ አገር ጨርሶ ክልክል ነው። በሚፈቀድበትም ቦታ ብሎኑ የሚይዝበት ርዝመት አጥሮ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

የጭነትና የፍጥነት ምልክቱ ዝቅ ቢልስ?

አይሆንም። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ 91 ከተባለ አዲሱ 91 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ብዙ ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን አንብቡ። ቪ እስከ 240፣ ኤች እስከ 210፣ ቲ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። «እኔ እንደዚያ አልፈጥንም» ማለት ሕጉን አይለውጠውም።

ሁለቱን ብቻ ብቀይር?

አራቱም በሚነዱባት መኪና ላይ በፍጹም አታድርጉት። የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ በመካከል ያለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማርሽ) ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፣ ይበላሻል። በሌሎችም መኪናዎች ላይ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና መንሸራተት መቆጣጠሪያው የጎማዎቹን ዙር እያነጻጸሩ ስለሚሠሩ ይደናገራሉ። ከፋብሪካ የፊትና የኋላ ጎማቸው ተለያይቶ የሚመጣ መኪናዎች አሉ፤ እነሱ ለዚያ ተብለው ስለተሠሩ ነው።

ትርፍ ጎማውንም አትርሱ። መጠኑ የተለየ ከሆነ በዝግታ ወደ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ይሁን። ትልቁ ደግሞ ትርፍ ጎማ ማስቀመጫው ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ቀድማችሁ ለኩ።

መኪናዋ ምን ያህል ከፍ ትላለች? ጉልበቷስ?

ከፍታው የዲያሜትሩ ግማሽ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ብትጨምሩ መኪናዋ የምትነሳው በ25 ብቻ ነው። «ሁለት ኢንች ትልቅ ጎማ» ሲባል ሁለት ኢንች ከፍታ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ጉልበቷ ደግሞ ይቀንሳል። 265/65 አር 17 የነበራት ፒክ አፕ 285/70 አር 17 ስትገጥም ዲያሜትሩ ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ 7 በመቶ ማለት ነው። ሁሉም ማርሽ በ7 በመቶ እንደረዘመ ቁጠሩት። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ መመለስ ይመጣል። ጎማውም ከባድ ስለሚሆን ነዳጅ ይጨምራል። ፍሬኑም ያው ፍሬን ነው፤ እግራችሁ በቀድሞው ልክ ሲረግጥ መንገዱ ላይ የሚያርፈው የመያዝ ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል። ይህ 55 ሚሊ ሜትር መጨመር በአውስትራሊያው 50 ሚሊ ሜትር ወሰን ሲለካም ያልፋል። ወደ 265/70 አር 17 ብቻ ብትሄዱ ግን 803 ነው፤ ጭማሪው 27 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል ባይ ነኝ።

ንፋሱ ስንት ይሁን?

በሩ ላይ ያለው ቁጥር ለመጀመሪያው መጠን ነው። መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሲቀየር ልኩም ይቀየራል። «ኤክስ ኤል» የተጻፈበት (ይበልጥ ክብደት እንዲሸከም የተጠናከረ) ጎማና ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራው ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋሉ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ነው እንጂ የምትነፉበት ልክ አይደለም። ትክክለኛውን ከጎማው አምራች የጭነት ሰንጠረዥ ላይ አስነብቡ።

ለኢንሹራንስ መናገር አለብኝ?

አዎ፣ ከመግጠማችሁ በፊት። ከጽሑፉ የተለየ ጎማና ቸርኬ እንደ ማሻሻያ ይቆጠራል። ሳትናገሩ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል የሚችልበት ምክንያት ሰጣችሁት ማለት ነው። ፈቃድ ወይም የመሐንዲስ ወረቀት ካላችሁ ቅጂውን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡ።

ከተገጠመ በኋላ ምን ላድርግ?

አላይመንት አሠሩ። የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ያላት መኪና ከሆነች እንደ አዲስ ይስተካከል፤ ያለዚያ መብራቱ አይጠፋም። የቸርኬውን ብሎኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ እንደገና አስጠብቁ። ቸርኬውም ከተቀየረ የብሎኑ መቀመጫ ሾጣጣ ይሁን ክብ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር መግጠሙን አንዱን አስፈትታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ ከየጉዞው በኋላ ጎንበስ በሉና የጎማዎቹን ትከሻ በእጃችሁ ዳስሱ። የሚያብለጨልጭ መስመር ካገኛችሁ አንድ ቦታ እየነካ ነው።